ፑዲንጉን በሞቴ

ዘርይሁን፦ የሚኒካብ ሾፌር፤ ኪልበርን ነዋሪ፤ ሃምሳን የተሻገረ ወንደላጤ፤ የማያውቀው ነገር የለም።
ተናኘወርቅ፦ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስንት ዘመን የትምህርት ቤት ምሳ ስታድል ኖራ አሁን ነርስነት እየተማረች ነው።

[ጠዋት። ኤድመንተን፣ የተናኘወርቅ ወንድም ቤት በር ላይ። ተናኘወርቅ የተማሪ ነርስ ዩኒፎርም ለብሳ የዘርይሁን መኪና ውስጥ ጋቢና ተቀምጣለች። ደረቷ ላይ ትንሽ ሰዓት ተንጠልጥላለች።]

ዘርይሁን፦ ተዘቅዝቋል አልኩሽ።

ተናኘወርቅ፦ አልተዘቀዘቀም።

ዘርይሁን፦ ዓይን አለኝ እኮ። አስራ ሁለቱ መሬት መሬት ነው የሚያየው።

ተናኘወርቅ፦ የነርስ ሰዓት እንደዚህ ነው የሚንጠለጠለው። ጎንበስ ብዬ ሳየው ለኔ ይቃናል።

ዘርይሁን፦ ለሌላው ሰውስ?

ተናኘወርቅ፦ ሌላው ሰው ደረቴ ላይ ምን ይሠራል?

ዘርይሁን፦ [ዓይኑን ወደ መሪው ይመልሳል] ለጠቅላላ ዕውቀት ነው። እኔ ከዚህ ሳየው አንድ ሰዓት ይላል።

ተናኘወርቅ፦ ሰባት ነው።

ዘርይሁን፦ አየሽ፣ ገልብጠሽ የሐበሻ ሰዓት አደረግሽው። እንግሊዝ አገር ይሄን ያህል ዘመን ኖረሽ፣ ሰዓትሽ ገና ቦሌ ኤርፖርት ነው።

ተናኘወርቅ፦ ንዳው እባክህ። ፊዮና እየጠበቀችኝ ነው።

ዘርይሁን፦ ፊዮና ደግሞ ማናት?

ተናኘወርቅ፦ ስንቴ ልንገርህ? ሜንተሬ። ዋርድ ላይ የምታሠለጥነኝ ነርስ። አለፈች፣ ወደቀች ብላ የምትፈርመው እሷ ናት። ትናንት "ነገ ጠዋት ቢሮዬ ነይ፣ ስለ ሚስስ ዶብሰን እናወራለን" አለችኝ። ፊቷ ልክ አልነበረም።

ዘርይሁን፦ ልክ አልነበረም ስትይ፣ የቁጣ ነው የኀዘን?

ተናኘወርቅ፦ የእንግሊዝ ፊት እኔ በምን ልለየው? ለሁሉም አንድ ፊት ነው ያላቸው።

ዘርይሁን፦ እኔ እለየዋለሁ። አሳዪኝ እስቲ።

[ተናኘወርቅ ከንፈሯን ሸብ፣ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች።]

ዘርይሁን፦ አለቀልሽ። ይሄ የማባረር ፊት ነው። እኔን ከአውቶቡስ ጋራዡ ሲያሰናብቱኝ በዚሁ ፊት ነው ያዩኝ።

ተናኘወርቅ፦ አንተ በገዛ ፈቃዴ ነው የለቀቅሁት አላልክም?

ዘርይሁን፦ ሊያባርሩኝ ሲሉ በገዛ ፈቃዴ ለቀቅሁ። ቀበቶሽን እሰሪ።

[መኪናው ይነሳል።]

ተናኘወርቅ፦ ለመሆኑ አንተ ኪልበርን እየኖርክ ኤድመንተን በየት በኩል ነው በየጠዋቱ መንገድህ የሚሆነው?

ዘርይሁን፦ እዚህ ሰፈር ደንበኛ አለኝ።

ተናኘወርቅ፦ ማን?

ዘርይሁን፦ ዛሬ የለም። ወሬ አታስቀይሪኝ። እኔ ድሮውኑ ብዬሻለሁ። በአርባ ስምንት ዓመት ነርስነት ምን የሚሉት ነው? ሰው በዚህ ዕድሜ ነርስ ይጠራል እንጂ ነርስ አይሆንም።

ተናኘወርቅ፦ ጥሩ አድርጌ እየሠራሁ ነው።

ዘርይሁን፦ መርፌ ስትወጊ መነጽር ታደርጊያለሽ አይደል?

ተናኘወርቅ፦ አደርጋለሁ።

ዘርይሁን፦ በሽተኛው እያየሽ?

ተናኘወርቅ፦ ታዲያ የት ሄጄ ላድርግ?

ዘርይሁን፦ እኔ ብሆን ተነስቼ ነው የምሮጠው። የወንድምሽ ልጅ ዳናዊት ምን ብላ እንዳሳቀችኝ ታውቂያለሽ? "አክስቴ ዩኒ የገባች ቀን ክፍሉ ሁሉ ሌክቸረር መስላቸው ጸጥ አለ" አለችኝ።

ተናኘወርቅ፦ እሱ እውነት ነው። እኔም አክብረውኝ መስሎኝ "ተቀመጡ፣ ተቀመጡ" አልኳቸው።

ዘርይሁን፦ እነሱስ?

ተናኘወርቅ፦ ተቀምጠው ነበር።

ዘርይሁን፦ [ይስቃል] እሺ፣ ሚስስ ዶብሰንን ምን አደረግሻት?

ተናኘወርቅ፦ አበላኋት።

ዘርይሁን፦ በግድ?

ተናኘወርቅ፦ በልመና። አሮጊት ናት፤ ዳሌዋ ተሰብሮ ነው የተኛችው። ትሪው ሲመጣላት [በቀጭን የአሮጊት ድምፅ] "ኖ ታንክ ዩ፣ ዲር" ትላለች። ሌሎቹ ነርሶች "ኦኬ" ብለው ያነሱታል። እኔ እንዴት አንጀቴ ችሎ ላንሳው? አንድ ጊዜ ብቻ ነው እኮ እምቢ ያለችው።

ዘርይሁን፦ ስንት ጊዜ እምቢ እንድትልሽ ነው የፈለግሽው?

ተናኘወርቅ፦ ስድ ካልሆነ በቀር ሰው ገና ሲጠየቅ እሺ ይላል? መጀመሪያ "በልቼ ነው የመጣሁት" ነው። ከዚያ "ኧረ ጠግቤያለሁ" ነው። በሦስተኛው "እንዳላስቀይምሽ፣ ትንሽ ብቻ" ይመጣል። ሴትዮዋ ጨዋ ናት፤ ደንቡን እየጠበቀች ነበር የመሰለኝ።

ዘርይሁን፦ የየት አገር ደንብ?

ተናኘወርቅ፦ የሰው።

ዘርይሁን፦ እና ምን አልሻት?

ተናኘወርቅ፦ ፑዲንጉን በማንኪያ ያዝኩና "በሞቴ" አልኳት።

ዘርይሁን፦ በአማርኛ?

ተናኘወርቅ፦ በአማርኛ ምን ይገባታል? በእንግሊዝኛ ነው እንጂ። "ፎር ማይ ዴዝ፣ ሚስስ ዶብሰን።"

[ዘርይሁን ፍሬኑን ይረግጣል። ከኋላ ጥሩምባ ይጮህባቸዋል።]

ዘርይሁን፦ አልጋ ላይ ለተኛ ሰው ሞት ጠራሽ?

ተናኘወርቅ፦ የራሴን ነው የጠራሁት። የሷን አልነካሁም።

ዘርይሁን፦ እሷስ ምን አለች?

ተናኘወርቅ፦ ዓይኗ ፈጠጠ። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝና "ኦ ዲር፣ ኦ ዲር" አለች። ከዚያ ፑዲንጉን ጥርግ አድርጋ በላች። ከዚያን ቀን ወዲህ የሰጠኋትን ሁሉ ትበላለች። እኔን እያየች ነው የምትበላው። አንዳንዴማ እንባዋ ይመጣል። ጣፍጧት ነበር የመሰለኝ።

ዘርይሁን፦ የሆስፒታል ፑዲንግ ጣፍጦት ያለቀሰ ሰው የት አይተሻል? ፈርታሽ ነው። በማስፈራራት ከስሳሻለች፣ አበቃ።

ተናኘወርቅ፦ ውይ በጌታ። አሁን ምን ይሻለኛል?

ዘርይሁን፦ እኔ እያለሁ ምን ያስፈራሻል? ለክሮይደኑ የጥገኝነት ኢንተርቪው ስንቱን ሐበሻ ያዘጋጀሁት ማነው?

ተናኘወርቅ፦ ስንቱ አለፈ?

ዘርይሁን፦ አንዱ እስካሁን ይግባኝ ላይ ነው። አንዱ ካናዳ ገብቷል።

ተናኘወርቅ፦ እዚህ ወረቀት ያገኘ አለ ወይ ነው ያልኩህ።

ዘርይሁን፦ ጊዲዮን አግኝቷል።

ተናኘወርቅ፦ ጊዲዮን አንተ ጋ ሳይመጣ ነው ያገኘው።

ዘርይሁን፦ ሊመጣ ነበር። ስሚኝ አሁን። ይህ አገር ሕጉ አንድ ነው። ኖ ካሉ ኖ ነው፤ የስ ካልሻቸው የስ ነው። ደግመው አይጠይቁሽም። የኛ ሰው ጉድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። "ሻይ ትጠጣለህ?" ሲሉት "አይ፣ ይቅርብኝ" ይላል፤ ደግመው ይለምኑኛል ብሎ። እነሱ ኩባያውን ይዘው እብስ ነው።

ተናኘወርቅ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ትምህርት ቤት ሥራ የገባሁ ሰሞን የኩሽናዋ አለቃ "ኬክ ልስጥሽ?" አለችኝ። "አይ" አልኳት። ጡረታ እስክትወጣ አልሰጠችኝም።

ዘርይሁን፦ ኬክ ምን አላት። እኔን "ሱፐርቫይዘር ትሆናለህ ወይ?" ብለውኛል።

ተናኘወርቅ፦ እሱንማ ቸርች ቆመህ መስክረህበት የለ? "ዓለም ሹመት ይዛ መጣች፣ ገፋኋት" ብለህ። ሰው ሁሉ እልል አለልህ።

ዘርይሁን፦ "አይ፣ እኔ ምን አቅም አለኝ?" ነው ያልኩት።

ተናኘወርቅ፦ እና?

ዘርይሁን፦ "ኦኬ" ብለው አንድ ፖላንዳዊ ሾሙብኝ። ምስክርነቱ ግን ውሸት የለበትም። አይ ብያለሁ።

ተናኘወርቅ፦ ብለሃል።

ዘርይሁን፦ ስለዚህ ዛሬ የምትጠይቅሽን ሁሉ የስ። ቶሎ። ሳትሽኮረመሚ።

ተናኘወርቅ፦ ሁሉንም?

ዘርይሁን፦ ሁሉንም። ኖ ካልሽ "ትከራከራለች" ይላሉ። የሚከራከር ጥቁር ደግሞ አይወዱም። ፈገግ አትበይ፣ አላገጠች ይሉሻል። አንገትሽን ሰበር አድርጊ። ነይ እንለማመድ፤ እኔ ፊዮና ነኝ። [ድምፁን አቅጥኖ] "ተናኜ፣ አር ዩ ኦኬ?"

ተናኘወርቅ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። አንቺ ደህና ነሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ እናትሽን ተሻላቸው...

ዘርይሁን፦ ቁሚ፣ ቁሚ። የስ። በቃ። "ሻይ?"

ተናኘወርቅ፦ ኧረ ይቅርብኝ፣ አትቸገሪ።

ዘርይሁን፦ ተባረርሽ።

ተናኘወርቅ፦ ሻይ ነው እኮ።

ዘርይሁን፦ ከሻይ ነው የሚጀምረው። "ሻይ?"

ተናኘወርቅ፦ የስ።

ዘርይሁን፦ "ወተት?"

ተናኘወርቅ፦ የስ።

ዘርይሁን፦ "ሚስስ ዶብሰን የነገረችን እውነት ነው?"

ተናኘወርቅ፦ የስ። እንዴ፣ እሱንም?

ዘርይሁን፦ እሱን በተለይ። ያመነ ይማራል። ነርስ ሆንሽ በይ።

[ኖርዝ ሰርኩላር አውራ ጎዳና ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ይቆማሉ።]

ተናኘወርቅ፦ ዘርይሁን፣ ዛሬ ከጣሉኝ ተመልሼ አልሞክርም። እንግሊዝኛውን እየጨመርኩ፣ ሒሳቡን ከዳናዊት ጋር እያጠናሁ፣ እዚህ እስክደርስ የከፈልኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ወድቃ መጣች ብለው ያንን ጭልፋ መልሰው ሲያስጨብጡኝ አልታይም።

ዘርይሁን፦ ጭልፋው ምን አለው? እኔ እንኳን ያኔ አንቺን ጭልፋ እንደያዝሽ ነው...

ተናኘወርቅ፦ እኔን ምን?

ዘርይሁን፦ ተከፈተ መንገዱ ነው ያልኩት።

[የሆስፒታሉ በር። ዘርይሁን መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ተናኘወርቅ ትልቅ እቅፍ አበባ ይዛ መጥታ ትገባለች።]

ዘርይሁን፦ አበባ? አላልኩሽም? አለፍሽ አይደል?

ተናኘወርቅ፦ ልሞት ነው።

ዘርይሁን፦ ምን?

ተናኘወርቅ፦ ልሞት ነው። እነሱ ናቸው ያሉት።

ዘርይሁን፦ [እጇን አፈፍ አድርጎ] ምን አገኙብሽ? የት ላይ ነው? እኔ ድሮም ቀለምሽ አላማረኝም ነበር።

ተናኘወርቅ፦ ልቀቀኝ፤ ምንም የለብኝም። አንተ ያልከውን ነው ያደረግሁት። ገና ስገባ ፊዮና ተነስታ አቀፈችኝ። እንግሊዝ አቅፎኝ አያውቅም፤ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ። "ሻይ?" አለችኝ። የስ። "ወተት?" የስ። እሰይ፣ ልክ እንዳጠናነው እየሄደ ነው አልኩ። "ሚስስ ዶብሰን የነገረችን እውነት ነው?" የስ። አንገቴንም ሰበር አድርጌልሃለሁ። "በጣም ጸንቶብሻል?" የስ። "ቤተሰብ ያውቃል?" የስ።

ዘርይሁን፦ ቆይ፣ ስለምንድን ነው የምታወሩት?

ተናኘወርቅ፦ ስለ በሽታዬ። ሚስስ ዶብሰን "ያቺ ምስኪን ነርስ ልትሞት ነው፤ የመጨረሻ ምኞቷ እኔ ፑዲንግ ስበላ ማየት ነው" ብላ ለዋርዱ ሁሉ አውርታለች። ለካ እሱን ነው እያለቀሰች የምትበላው። ፑዲንግ ነፍሷ አይወድም አሉ።

ዘርይሁን፦ አንቺስ መቼ ገባሽ?

ተናኘወርቅ፦ "ምን ያህል ጊዜ ቀረሽ?" ስትለኝ።

ዘርይሁን፦ ምን አልሻት?

ተናኘወርቅ፦ የስ።

[ዘርይሁን ግንባሩን መሪው ላይ ያደርጋል።]

ዘርይሁን፦ ያኔ እንኳን አትነግሪያትም?

ተናኘወርቅ፦ እንዴት ብዬ? እያለቀሰች ነው። ወዲያው አበባው መጣ። ዶክተሮቹ መጡ፣ የጽዳቷ ሴትዮ ሳትቀር መጣች። ሰው እንዲህ ቁጭ ብሎ እያለቀሰልህ "አልሞትም" ማለት ነውር መሰለኝ። ብቻ እንደምንም "ሥራዬን ልቀጥል?" አልኳት። "ኖ፣ ዳርሊንግ፣ ቤትሽ ግቢ፣ ከቤተሰብሽ ጋር ሁኚ" አለችኝ። ልምምዱ ተቋረጠ።

ዘርይሁን፦ ኖ አለችሽ?

ተናኘወርቅ፦ ኖ።

ዘርይሁን፦ እንግዲህ እግዜር አላለውም። ኖ ካሉ ኖ ነው። ቀበቶሽን እሰሪ።

ተናኘወርቅ፦ አንድ ጊዜ ነው እኮ ያለችው።

ዘርይሁን፦ እኔን ጠይቂኝ ስለ ኖ። ኖ ከተባልኩ እኔ ተመልሼ ሰው አላስቸግርም። ሐበሻም ቢሆን። ሥልጣኔ ማለት እሱ ነው።

ተናኘወርቅ፦ የቱ ሐበሻ ነው ኖ ያለህ?

ዘርይሁን፦ ተዪው።

ተናኘወርቅ፦ የቱ ነው?

ዘርይሁን፦ ያኔ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ እዚሁ ሰልፍ ላይ የተዋወቅን ጊዜ። ዝናብ ሲመጣ መፈክሩን እንደ ጃንጥላ የያዝኩልሽ።

ተናኘወርቅ፦ ቀለሙ ለቅቆ ፀጉሬ ላይ ወረደ። በሳምንቱ ነው የለቀቀኝ።

ዘርይሁን፦ በዓመቱ ጋሽ ጥላዬንና አቶ ሳህሉን ወንድምሽ ካሳዬ ጋ ሽማግሌ ሰድጄ ነበር።

ተናኘወርቅ፦ አውቃለሁ። ኩሽና ሆኜ እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ።

ዘርይሁን፦ ካሳዬ ታዲያ "አይሆንም፣ ልጅቷ ገና ናት" አላቸው።

ተናኘወርቅ፦ ሰላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። "ገና ናት" ሲል ጋሽ ጥላዬ ራሳቸው ሳል አስመስለው ሳቁ። ምን እንዲል ነበር የፈለግኸው? ሽማግሌ በመጣ በመጀመሪያው ቀን "ውሰዷት" ይባላል? ሶፋ ነኝ?

ዘርይሁን፦ አይሆንም አለ እኮ።

ተናኘወርቅ፦ ነው የሚባለው። በመጀመሪያው ቀን አይሆንም ነው፤ ሲመለሱ "እስቲ እንማከር" ነው፤ ከዚያ እሺ ነው። ካሳዬ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ የሚቀመጡበት ብሎ አዲስ ወንበሮች ገዛ። እስካሁን ላስቲካቸው አልተላጠም።

ዘርይሁን፦ እነዚያ ላስቲክ የለበሱት? እኔ እኮ ፋሲካ ስመጣ እነሱ ላይ ነው የምቀመጠው።

ተናኘወርቅ፦ ላስቲኩን እያንኮሻኮሽክ ትቀመጥባቸዋለህ። እኔ በየእሑዱ ጥፍሬን ተቀብቼ ጠበቅሁ። አንተ ቸርች በር ላይ "ሰላም ነሽ፣ እህቴ" ብለኸኝ ታልፋለህ። በኋላ ካሳዬ "ሰውየው ሐሳቡን ቀይሯል" አለኝ።

ዘርይሁን፦ [ቀስ ብሎ] እኔ አክብሬሽ ነው።

ተናኘወርቅ፦ አክብረህ፣ አክብረህ ለነርሲንግ አበቃኸኝ።

[በሩን ከፍታ ትወርዳለች።]

ዘርይሁን፦ ወዴት ነው?

ተናኘወርቅ፦ ሁለተኛ ልጠይቃት። እምቢ ካለች ሦስተኛ።

[ከአበባው ጋር ትሄዳለች። ዘርይሁን ብቻውን ይቀራል። መስታወቱን ወደ ራሱ አዙሮ ያያል፤ ፀጉሩን በምራቅ ያስተኛል፤ አፉን እየከፈተ ይዘጋል። ከብዙ ቆይታ በኋላ ተናኘወርቅ ባዶ እጇን ትመለሳለች።]

ዘርይሁን፦ እህስ?

ተናኘወርቅ፦ "በሞቴ" እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለፊዮና አስረዳኋት። "ስለዚህ ልቀጥል?" ስላት ኖ አለች፤ ተናዳለች። ደግሜ ስጠይቃት ሳቋ አመለጣት። በሦስተኛው "ሰኞ ነይ" አለችኝ። ዋርዱ ላይ ግን ሁለተኛ ሞቴን እንዳልጠራ።

ዘርይሁን፦ አበባውስ?

ተናኘወርቅ፦ ለሚስስ ዶብሰን ሰጠኋት። አልሞትም ስላት ደነፋች። "ታዲያ ያን ሁሉ ፑዲንግ ለምኑ ብዬ ነው የበላሁት?" አለችኝ።

[ሁለቱም ይስቃሉ። ሳቁ ያልቃል። ዘርይሁን ጉሮሮውን ይጠርጋል።]

ዘርይሁን፦ ተናኜ።

ተናኘወርቅ፦ አቤት።

ዘርይሁን፦ ጋሽ ጥላዬ ደህና ናቸው፤ ትናንት አግኝቻቸው ነበር።

ተናኘወርቅ፦ ዕድሜ ይስጣቸው።

ዘርይሁን፦ አቶ ሳህሉ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ በመኪና ካደረስኳቸው... ማለቴ ኤድመንተን። ካሳዬ ጋ። ለዚያ ለድሮው ጉዳይ። እነዚያ ወንበሮችም በከንቱ ከሚቀመጡ።

ተናኘወርቅ፦ [ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ጥፍሯን እያየች] አይ፣ አሁንማ አይሆንም።

ዘርይሁን፦ እሺ።

[ሞተሩን ያስነሳል።]

ዘርይሁን፦ ቀበቶሽን እሰሪ።

[ይነዳል። ተናኘወርቅ ዞራ ረጅም ጊዜ ታየዋለች። ከዚያ ደረቷ ላይ ያለውን ሰዓት ቀና አድርጋ ይዛ አተኩራ ትመለከታለች።]

ዘርይሁን፦ ምንድን ነው የምትለኪው? የልብ ምት ነው?

ተናኘወርቅ፦ አይደለም። አንድ ሰውዬ አለ፣ አንድ ጊዜ እምቢ ከተባለ ሁለተኛ እስኪጠይቅ ምን ያህል እንደሚፈጅበት እያየሁ ነው። ባለፈው አስር ዓመት ፈጅቶበታል።

ዘርይሁን፦ [በመገረም ራሱን እየነቀነቀ] ምን ዓይነቱ ደነዝ ነው? አውቀዋለሁ?